ቆዳ የሚቆጣው በውሃው ነው ወይስ በምንቀባው? ከኮዬ ፈጬ የተነሳ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

ጥያቄውን ያነሱት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መንደር በውበት ሳሎን የሚሠሩ እህት ናቸው። ከመሀል ከተማ ወደ ዳርቻው የተዛወሩ ደንበኞቻቸው ፊታቸው ይለበልባቸዋል፣ ጉንጫቸው ይፈረፈራል፣ የለመዱት ሎሽን ሳይቀር ያቃጥላቸው ጀምሯል። ጠያቂዋ ጥፋቱ የጉድጓድ ውሃው ነው ብለው ያምናሉ። መፍትሔው ደግሞ እንደ እሳቸው ፋብሪካ የሠራውን ሁሉ ጥሎ ወደ ተፈጥሮ መመለስ ነው፤ ሎሚ፣ እሬት፣ ጥቁር አዝሙድ ዘይትና ለጋ ቅቤ። የጠየቁት ከአራቱ የትኛው ይቅደም ብለው ነው። ክሩ፣ ማለትም በጽሑፍ የተካሄደው የምላሽ ልውውጥ፣ ረዥም ስለሆነ ፍሬ ያለውን አስፍቼ፣ ድግግሞሹን አሳጥሬ በቁጥሩ ቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ።

1ኛ ምላሽ። ከለገጣፎ የጻፉት ሰው በውሃው ነገር ይስማማሉ። የከርሰ ምድር ውሃ ድንጋይ ውስጥ ሲቆይ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይሸከማል፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ውሃ የሚለየው በዚህ ነው ይላሉ። ለማረጋገጥ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሲሶውን ውሃ ሞልቶ፣ ከተራ ደረቅ ሳሙና ጥፍር የምታክል ፍርፋሪ ጨምሮ፣ 10 ሰከንድ በኃይል መናጥ ይበቃል። አረፋው ወፍሮ ከቆየና ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ካለ ውሃው ለስላሳ ነው። አረፋው ቶሎ ከጠፋና ውሃው ወተት ከመሰለ ከባድ ነው። ጎን ለጎን በዝናብ ውሃ ቢሞክሩት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

2ኛ ምላሽ። እርማቱ እዚህ ይጀምራል። ከባድ ውሃ በዋናነት የሚጎዳው ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ነው፤ ካልሲየሙ ሳሙናውን ይዞ በቀላሉ የማይለቀለቅ እርጎ መሰል ዝቃጭ ይሠራና ቆዳ ላይ ይቀራል። ጸሐፊው የቆዳን ላይኛ ንብርብር ከጭቃ ቤት ግድግዳ ጋር ያመሳስሉታል፦ የሞቱት ህዋሳት ማገሩ ናቸው፣ በመካከላቸው ያሉት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የሚባሉ ቅባቶች ደግሞ ምርጊቱ። ምርጊቱ ሲታጠብ እርጥበቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አቧራውና ሽቶው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ትናንት ምንም ያላደረገ ሎሽን ዛሬ ያቃጥላል። የጤናማ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ ሲሆን የተለመደው ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። ስለዚህ ሳሙና ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ብቻ ይሁን፣ ሌላው ገላ በለብታ ውሃ ይታጠብ ይላሉ። ፊትን በመጨረሻ ማለቅለቅ ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘና ዝቃጩ ከሥር በቀረ ውሃ ነው፤ መፍላት ከማዕድኑ ከፊሉን ያወርደዋል። የዝናብ ውሃም ይሆናል፣ ጣሪያው በመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ከጣለ በኋላ የተጠራቀመ ከሆነ።

3ኛ ምላሽ። ከሰበታ የመጡት የፋርማሲ ባለሙያ ከጠቅላላው ክር እጅግ ጠቃሚ የምለውን ነገር አስቀምጠዋል። የቆዳ መቆጣት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቀጥተኛ ጉዳት ነው፤ በረኪና፣ ዱቄት ሳሙና፣ ሎሚ የነካው ቦታ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይለበልባል፣ መጠኑ ከበዛ ማንንም ሰው ይጎዳል። ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ ከነካን ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይወጣል፣ ከማቃጠል ይልቅ ያሳክካል፣ ካልነካው ቦታም ይዛመታል፣ አንዴ ከያዘም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው። ሰው ዛሬ የቀባውን ሲከስ ጥፋተኛው ከትናንት ወዲያ የነካው ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በብዛት አለርጂ አምጪ ሆነው የሚገኙት ሽቶ፣ በእርጥብ መጥረጊያና በፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ያሉ ማቆያዎች፣ የጆሮ ጌጥና የቀበቶ ዘለበት ኒኬል፣ እንዲሁም የጸጉር ቀለም ናቸው። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት መፈለግ እንደሚያሳስትም ያስጠነቅቃሉ፤ ቁጣው እንደ ጥቁረት፣ እንደ ግራጫነት ወይም በጣት ሲዳሰስ እንደ ሻካራነት ይገለጣል።

4ኛ ምላሽ። ድምፁ ጠንከር ያለ ነው። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ከ2 እስከ 3 ነው፣ የተላጠ ምርጊት ላይ የሚደፋ አሲድ ማለት ነው ይላሉ። ከዚያም የባሰ አለ፤ ሎሚና ጤና አዳም ፉሮኩማሪን የሚባል ነገር ይይዛሉ፣ ይህም ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ እንደ ቃጠሎ ይቋጥራል፣ ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጤና አዳምን ጨፍልቆ ሽፍታ ላይ ማሸት፣ ፊትን ሎሚ ቀብቶ ወደ ታክሲ ሰልፍ መውጣት፣ ሁለቱም ውጤታቸው አንድ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል፤ በጨርቅ ታስረው ያደሩበት ቆዳ ውሃ ሲቋጥር የአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ያዩታል ብለዋል። ተፈጥሯዊ መሆን የዋህነት ማለት አይደለም የሚለው ሐሳብ ከዚህ በኋላ የክሩ ዋልታ ሆነ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር እቆማለሁ።

5ኛው ምላሽ የጠያቂዋ ነው። ሎሚውን ትተዋል፣ ስለ እሬቱ ግን አልለቀቁም።

6ኛ ምላሽ። እሬቱ ተፈቅዷል፣ ግን በሥርዓት። አገራችን ብዙ ዓይነት እሬት አለ፤ በአጥርና በቋጥኝ ላይ የበቀለው ሁሉ ለመዋቢያ የሚተከለው አይደለም። የወፈረውን የታችኛውን ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ፣ ቢጫው ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ማቆም ያስፈልጋል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ወፍራም ከሆነም ይበልጣል። መራራውና የሚያሳክከው እሱ ነው። ከዚያ ቅጠሉን አጥቦ፣ አረንጓዴ ልጣጩን ከነሥሩ ገፎ፣ ጥርት ያለውን ውስጡን እንደገና በውሃ አለቅልቆ መቀባት። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አይቆይም። ደግሞም እሬት ቆዳን የሚያቀዘቅዝ እንጂ ቅባት አይደለም፤ ሲደርቅ ቆዳውን ስለሚወጥር በላዩ ቅባት መከተል አለበት።

7ኛ ምላሽ። ስለ ቅባት ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። የሱፍ ዘይት በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ስለሆነ ምርጊቱን ይደግፋል፤ የወይራ ዘይት ደግሞ ኦሌይክ አሲዱ ስለሚበዛ ለሰላጣ ጥሩ ቢሆንም የተቆጣ ቆዳን የባሰ ሊያሳሳ ይችላል። ጠረኑና ቀለሙ የተጣራ፣ ለምግብ የተዘጋጀ የሱፍ ዘይት፣ እርጥብ ቆዳ ላይ፣ ለፊት ከ3 እስከ 4 ጠብታ። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ቦታውን አይተካም። ቅቤን በተመለከተ ለጋውም ቢሆን ለጸጉር ይሁን ይላሉ፤ የከረመ ቅቤ ውስጥ የተፈቱት አሲዶች ራሳቸው ይለበልባሉ። አንድ ወሳኝ ልዩነትም ጨምረዋል፦ ፍርፋሪው በቅንድብ፣ በአፍንጫ ዳርና በጸጉር መጀመሪያ ላይ ቅባታም ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ከፎሮፎር ዘር ነው። በዚያ ቦታ ያለው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ስለሆነ ቅቤም የወይራ ዘይትም ይቀልቡታል። ቋቁቻም እንዲሁ።

8ኛው በአጭሩ ስለ ጥቁር አዝሙድ ነው፦ ንጹሕ ዘይቱ የተላጠ ቆዳ ላይ አለርጂ ማስነሳቱ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራ። ክንድ መታጠፊያ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን። አንድ ቀን ብቻ ሞክሮ ሰላም ነው ማለት በ3ኛው ምላሽ የተገለጸውን የዘገየ አለርጂ አይዝም።

9ኛ ምላሽ። ከቱሉ ዲምቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ የሆኑ ሰው ክሩን ወደ እጅ ቆዳ አዙረውታል፣ ማዞራቸውም ደግ ነው፤ በዳርቻው በየጎኑ ግንባታ እያለ ስለ ሲሚንቶ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የተቦካ ሲሚንቶ ፒኤች ከ12 በላይ ነው። ቡት ጫማ ውስጥ ገብቶ ከካልሲ ጋር ሲቆይ ሠራተኛው ወዲያው ሳያመው ሰዓታት ቆይቶ ቃጠሎው ይገለጣል። ከዚህ ሌላ በውስጡ ያለው ክሮሚየም አለርጂ ይፈጥራል፤ ያ ሰው ከዚያ በኋላ ልስን በነካ ቁጥር እጁ ይሰነጠቃል። በብዙ ሳይቶች እጅ በናፍጣ ወይም በአሸዋ ፈትጎ ማጽዳት የተለመደ ነው፤ ይህ የቀረውን ምርጊት ይፈቀፍቃል። ትክክለኛው ብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ለስላሳ ሳሙና፣ በመጨረሻ ቫዝሊን ነው። ውስጡ የረጠበ ጓንት ያለ ጓንት ከመሥራት ይከፋል፣ ሲሚንቶውን እጅ ላይ አሽጎ ይይዘዋልና።

10ኛው ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት ከላይ የላስቲክ ይሁን ብሏል። 11ኛው ወጥ ቤት ገባ፤ በርበሬ ቀንጥሰው ለሚያዘጋጁና ሽንኩርት ለሚልጡ እናቶች። የበርበሬው ማቃጠያ በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ እጅን በመጀመሪያ በምግብ ዘይት አሽቶ በሶፍት መጥረግ፣ ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ። ነጭ ሽንኩርት የሚይዘው እጅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ጫፋቸው ብቻ ከተሰነጠቀ ነጭ ሽንኩርቱን መጠርጠር ነው፤ አለርጂ አምጪው ነገር ተራውን የላስቲክ ጓንት ሳይቀር ያልፋል።

12ኛ እና 13ኛ ምላሾች ከመንገድ ወጥተዋል። አንዱ የሕፃናት ልብስ በእንዶድ ቢታጠብ ምን ይላችኋል ሲል፣ ሌላው ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ጻፈ፦ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውንና ከዚያ ተነስተው በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን በእንዶድ ለመከላከል መሥራታቸውን። ታሪኩ ልብ የሚሞላ ነው። 14ኛው ግን ትንሽ ተቆጥተው ወደ ጉዳዩ መለሱን፤ ቀንድ አውጣውን የገደለው ሳፖኒን የህዋስ ሽፋን የሚያፈርስ ነገር ነውና ለጋቢ ይሁን፣ ለተቆጣ ገላ አይሁን ብለዋል። ልብስ በምንም ቢታጠብ ዋናው ማለቅለቁ ነው፤ 2 ጊዜ በቂ ካልሆነ 3 ጊዜ፣ የመጨረሻው ውሃ በእጅ ሲነካ እስከማያሙለጨልጭ ድረስ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ የዱቄት ሳሙናውን መጠን በግማሽ መቀነስ ይሻላል።

15ኛ ምላሽ። ከሱሉልታ የጻፉት እህት አጃን ይዘው መጥተዋል። በጥሩ ሁኔታ የላመ አጃ ማሳከክን እንደሚያስታግስ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2003 ቆዳ ጠባቂ ብሎ ካጸደቃቸው ነገሮች አንዱ ነው። አዘገጃጀቱ፦ ያልተቆላ፣ ጨውም ስኳርም የሌለበት አጃ ተለቅሞ እንደ ዱቄት ይላማል። መፈተኛው አንድ የሾርባ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ማማሰል ነው፤ ውሃው ወተት ከመሰለና ከሥር ቶሎ ካልረጋ ልኩ ነው። በ10 ሊትር ለብታ ውሃ ግማሽ ኩባያ በትኖ፣ ሳፋው ውስጥ እጅ ወይም እግር ነክሮ፣ ለገላ ደግሞ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እየነከሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማሳረፍ። ማሸት የለም። ከዚያ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅና ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ቅባት መቀባት። ወለሉ ስለሚያንሸራትት ለአረጋውያን ጥንቃቄ። ውሃው ሞቃት ከሆነ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ሙቀት ማሳከክን ይቀሰቅሳል።

16ኛ ምላሽ ይህን አሟልቷል፣ እንዲህ ያለ እርማት የሚመጣው ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ነው። አጃውን ወፍጮ ቤት ካስፈጩት ድንጋዩ ቀድሞ ምን እንደፈጨ ይጠየቅ፤ በርበሬ ከተፈጨበት መውጫው ላይ የቀረው ብናኝ ለተላጠ ቆዳ ይበቃል። ቤት ውስጥም ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ሙቀጫ አይሆንም፤ በኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ መፍጨት ይሻላል። ገበያ የሚሸጠው የአጃ ዱቄት ብዙ ጊዜ ከገብስ ጋር ስለሚደባለቅ ፍሬውን ገዝቶ ማስፈጨት ይመረጣል። ችፌው የሚያዥ ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን አጃም ወተትም ባይደረግ ብለዋል፤ የምግብ ፕሮቲን በተላጠ ቆዳ ሲገባ በኋላ የምግብ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

17ኛ ምላሽ። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጣ ነው፣ ክሩ ስለ ተፈጥሯዊ እንክብካቤ ከሆነ ምን ይሠራል ብለው ተቃወሙ። 18ኛው በቁጣ መለሱ። ሽቶ የሌለው፣ የተጣራ ቫዝሊን አለርጂ የማስነሳት ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው፣ እርጥበት በመያዝም ከብዙ የአትክልት ዘይት ይበልጣል፤ ጥያቄው ከየት ወጣ ሳይሆን ቆዳው ላይ ምን ይሠራል ነው ብለዋል። ቁጣቸው ትንሽ በዛ፣ ፍሬ ነገሩ ግን ልክ ነው። ግሊሰሪንን ያነሱትም እሳቸው ናቸው፤ በጥር ደረቅ አየር ንጹሑን መቀባት እርጥበቱን ከቆዳው ስቦ ያወጣል፣ ስለዚህ 1 እጅ ግሊሰሪን በ3 እጅ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጦ፣ በላዩ ቫዝሊን። መጠኑንም ሰዎች እንደሚያሳንሱት አስታውሰዋል፤ ገላውን ሁሉ ችፌ ለያዘው ልጅ በሳምንት 250 ግራም ገደማ ቅባት ያስፈልጋል፣ በጣት ጫፍ ነክቶ መተው አይደለም። ከጣሳው የሚወጣውም በንጹሕ ማንኪያ ይሁን።

19ኛ ምላሽ። እዚህ ክሩ ከረረ። የፋርማሲ ባለሙያው ተመልሰው፣ ጠያቂዋ ከውሃውና ከአቧራው በፊት ደንበኞቻቸው ከኮስሞቲክስ ሱቅ የሚገዙትን የፊት ማቅያ ክሬም ይጠይቁ አሉ። ብዙዎቹ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ይዘዋል፤ በመጀመሪያ ሳምንታት ፊቱ ይጠራል፣ በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ስሮቹ ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ክሬሙ ሲቆም ደግሞ ፊቱ እንደ እሳት ይነዳል። ያ ሰው ቆዳዬ ቶሎ የሚቆጣ ነው ብሎ ያምናል፣ ቆዳውን የተቆጣ ያደረገው ግን ክሬሙ ነው። አንዳንዱም ሜርኩሪ አለው፤ ማሸጊያው ላይ ካሎሜል የሚል ካለ መጣል ነው። ለወራት የተቀባን ጠንካራ ክሬም በራስ ፈቃድ በአንድ ቀን ማቆምም አይመከርም፤ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል። እዚሁ ላይ አንዳንድ ሰዎች ስቴሮይድ ሁሉ መርዝ ነው ብለው ተነሱ፣ እሳቸውም ይህንንም አልተቀበሉም። ሐኪም ያዘዘው፣ ለተወሰነ ቀን፣ በልኩ የተቀባ ችፌን ያበርዳል። ልኩ ከቱቦው በአዋቂ ሌባ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ርዝመት የወጣ ክሬም ነው፤ ግማሽ ግራም ይሆናል፣ 2 መዳፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል።

20ኛው ምላሽ በሳፋ ውሃ አንድ ሲኒ በረኪና ጨምሮ መታጠብን መከረ። 21ኛው ወዲያው አስቆመው። ሐኪሞች ለሚመረቅዝ ችፌ የሚያዙት በረኪና እጅግ የቀጠነ ነው፤ 5 በመቶ የሆነው በ10 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ያም በሐኪም ክትትል። አንድ ሲኒ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት፣ ትኩሳት ወይም በአንዴ የፈሉ የሚያሙ ትንንሽ ቁስሎች ከታዩ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ቀርቶ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ጤና ጣቢያው ሪፈር ቢጽፍ መንገዱ ይቀላል።

22ኛ ምላሽ እከክን ማንም አለማንሳቱ አስገርሟቸዋል። ማሳከኩ ሌሊት ከባሰ፣ በጣቶች መሀል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ከሆነ፣ ሌላም የቤተሰብ አባል ካሳከከው፣ አጃም ቫዝሊንም አያድኑትም። በፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ይቀባል፣ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። በሙቅ ውሃ የማይታጠበው ብርድ ልብስና ሹራብ በፌስታል ታስሮ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ቢቻል ለ1 ሳምንት ይቀመጣል። የማያሳክከው ልጅ ስለማያሳክከው ከታለፈ በሽታው ከእሱ ይመለሳል።

23ኛው ስለ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል፣ ብርዱ ግን ፀሐይዋን ያስረሳል። ዛፍ ገና ባልበቀለበት አዲስ ሰፈር ጃንጥላና ሰፊ ኮፍያ ከማንኛውም ክሬም ይቀድማሉ። ክሬም ካስፈለገም ሽቶ የሌለው፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው የተቆጣን ፊት ብዙ አያቃጥልም።

24ኛ ምላሽ የጠያቂዋ ነው። በባህር ዛፍ ቅጠል ፊት ማጠኑን ከሳሎኑ እንዳስወጡ፣ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ፊት ላይ ምን እየቀባች እንደሆነ አስቀድመው እንደሚጠይቁ ጽፈዋል። የቀረባቸው የጸጉር ቀለምና ጥቁር ሂና ነው፤ ለሠርግ የሚጠይቁት ብዙ ናቸውና።

25ኛው መለሰላቸው። ተፈጥሯዊው ሂናና እንሶስላ ቀለማቸው ወደ ቀይና ቡናማ የሚያደላ ሲሆን ሰዓታት ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት ድፍን ጥቁር የሚሆነው ፒፒዲ የሚባል የጸጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ከእሱ የቋጠረባት ሴት ከዚያ በኋላ ጥቁር የጸጉር ቀለም ብትቀባ ጭንቅላቷና ዓይኗ ዙሪያ ሊያብጥ ይችላል፣ ስለዚህ ጠይቆ መከልከል ነው። ለሌሎቹ የተበጠበጠውን ቀለም ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ነክቶ 48 ሰዓት ሳይታጠቡ መጠበቅ፤ ሙሽራዋ ከሠርጉ ቢያንስ ከ1 ሳምንት በፊት ለሙከራ እንድትመጣ ቀጠሮው ሲያዝ ይነገራት፤ ለሚዜዎቹም እንዲሁ።